ባና የለበሰ ጀላቲ

ያንን በጋ ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ጀርባዬ ነው። ሌላው ሰው በጋ ሲባል አውድማው፣ ሠርጉ፣ የጥምቀቱ ጭፈራ ይታወሰዋል። እኔ ግን ሲመሽ ሜዳ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳህን ስደረድር፣ ሲነጋ ያንኑ ሳህን ስለቅም የከረምኩበት በጋ ነው። ለሚያየኝ ሰው ያበድኩ መስዬው ነበር። አንዳንዱም አልደበቀኝም።

ነገሩ የጀመረው አማቴ ከሆስፒታል ሲመለሱ ነው።

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ከሞላሌ በእግር ትንሽ ወጣ ወደሚለው ወደዚህ መንደር ተድሬ ስመጣ በር ላይ የተቀበሉኝ ሰው ናቸው። ሱፍ መፍተል ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ልጆቼን አብረውኝ ያሳደጉ እሳቸው፤ ስንጣላም ማን እንደሚያስታርቀን ሳንጠብቅ ወጥ እየቀማመስን እዚያው የምንታረቅ ነን። ዛሬ እኔ ራሴ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፣ ፀጉሬም ሸብቷል። እሳቸው ግን አሁንም "ሙሽራ" ነው የሚሉኝ። "አንቺ ሙሽራ፣ በሩን ዝጊው እንጂ!" ሲሉ የሰማ እንግዳ ሙሽራይቱ የታለች ብሎ ጓዳ ጓዳውን ያያል።

ጡታቸው ላይ እባጭ ወጣባቸውና ደብረ ብርሃን ተመላለስን። በደም ሥር እየተንጠባጠበ የሚገባ መድኃኒት ተሰጣቸው። መድኃኒቱ እባጩን ይግደለው አይግደለው እንጃ፣ አፋቸውን ግን እሳት እንደ ነካው አደረገው። ከንፈራቸው፣ ምላሳቸው፣ ድዳቸው፣ እስከ ጉሮሯቸው ድረስ ቁስል ሆነ። ውኃ እንኳን የሚውጡት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጠው ነው። አጥሚቱ እምቢ፣ ሾርባው እምቢ። እንፋሎት ያለው ነገር ገና ከሩቅ ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ከሆስፒታል ልንወጣ ስንል ነርሷ ወደ ጎን ሳብ አደረገችኝ። በዕድሜ ልጅ ናት፤ አነጋገሯ ግን የደከመ ትልቅ ሰው አነጋገር ነው።

"እሳቸው ቀዝቃዛ ነገር ይምጠጡ፣ እናቴ" አለችኝ። "በረዶ የሆነ ነገር ሕመሙን ያደነዝዝላቸዋል። ፍራፍሬ ፈጭተሽ በረዶ አድርጊላቸው። ስኳር እንዳትጨምሪ። ሎሚና ብርቱካንም ይቅርባቸው፣ ቁስሉን ያቃጥለዋል።"

"ከተማ ልጆች እንደሚልሱት ጀላቲ?"

"ልክ እሱን! ቤትሽ ጀላቲ ሥሪላቸው በቃ።" ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቋን መለሰችው። "ቀጠሯችሁ ከገና በኋላ ነው። እስከዚያ በአፋቸው እህል ካልገባ አስተኝተን በአፍንጫቸው ቱቦ እናስገባለን። ምንም አልቀራቸውም እኮ፣ አይታይሽም?"

አማቴ ዕድሜያቸው ጉልበታቸውን እንጂ ጆሯቸውን አልወሰደውም። ሰምተዋል። መኪና ውስጥ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"በአፍንጫ የሚገባ እህል የለም። አፍ የተሰጠን ለምን ሆነና? ያንን ከሚያደርጉኝ ቤቴ ተኝቼ እሞታለሁ። ይኸው ነገርኩሽ።"

እሳቸው ካሉ አሉ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከዚያች ቀን ጀምሮ ለእኔ ግልጽ ነበር፤ እስከ ገና በአፋቸው መዋጥ ይጀምራሉ፣ አለዚያ ዓይኔ እያየ፣ እህል ሞልቶ በተቀመጠበት ቤት ውስጥ በረሀብ ይሞታሉ።

ቤት እንደ ገባን ጠያቂው ጎረፈ። በእኛ አገር ባዶ እጁን በሽተኛ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ያን በጋ ደግሞ የሁሉም እጅ የያዘው ብርቱካን ነበር። ከዘመሮ የመጣው ዘመድ ብርቱካን፣ ከቀየት የመጣችው አበ ልጅ ብርቱካን፣ ጎረቤቱ ብርቱካን። መደቡ ላይ ተከምሮ የነጋዴ ቤት መሰልን። ብርቱካኑን ማምጣቱስ ባልከፋ፣ ጠያቂ ያመጣውን ሲቀመስ ካላየ ቅር ይለዋል።

"እማማ፣ ይቅመሱልኝ! አንዲት ብቻ! ሞቴን!"

"ያማቸዋል፣ ይቅር" ብል የሚሰማኝ የለም። እሳቸውም ይሉኝታ አለባቸው። አንዷን ከንፈራቸው ላይ ያስጠጉና እንባቸው ዱብ ዱብ ይላል። ጠያቂዋ ደግሞ "አይ የእማማ ነገር፣ ሰው ሲወዱ እኮ!" ብላ አብራ ታለቅሳለች። እንባው የብርቱካኑ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ለሁሉም መቀመጫ አነጥፋለሁ፣ ቆሎ አቀርባለሁ፣ ጠላ እቀዳለሁ፤ ሲወጡ ሸኝቼ ስመለስ የአማቴን አፍ በጨው ውኃ አጉመጠምጣለሁ። እግሬን የማሳርፈው ስጸዳዳ ብቻ ነበር፣ ይቅር በሉኝና።

ፍራፍሬው ተገኘ። በገበያ ቀን ሞላሌ ላይ ከመርሐቤቴ ቆላ ፓፓያና ሙዝ እያመጣች የምትሸጥ ሴት አለች። ደጋ ሰው ፓፓያ ብዙ አያውቅም፤ "ይሄ ዱባ ይቀቀላል?" እያለ ነው የሚያልፈው። እኔ ግን ጣቴ ሰምጦ እስኪገባ የበሰለውን መርጬ ተሸክሜ መጣሁ። ላጥኩት፣ ፍሬውን አወጣሁ፣ ከሙዝ ጋር ደህና አድርጌ ደቆስኩት፣ አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውኃ አቀጠንኩትና በወንፊት አጠለልኩት። እስከዚህ ቀላል ነው።

በረዶ ማድረጉ ነው አሳሩ። እኛ መንደር ፍሪጅ የለም። ሞላሌ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ አለ፤ ሴትዮዋም ደግ ናት፣ "አስቀምጪ፣ ምን ቸገረኝ" አለችኝ። ግን መብራቱ እንደ ቀላዋጭ ነው፣ መጣ ሲሉት ይሄዳል። በማግስቱ ያስቀመጥኩት ለብ ብሎ፣ አረፋ አውጥቶ ጠበቀኝ። ሌላ ቀን እንደ ምንም ረግቶ አገኘሁትና እየሮጥኩ ወደ ቤት ይዤው ስመጣ ፀሐይ መንገድ ላይ ጨረሰችው። እጄ ላይ የቀረው ቢጫ ውኃና መያዣ እንዲሆን የሰካሁበት እርጥብ እንጨት ነው። አማቴ በዚያን ቀን በምራቃቸው ብቻ ነው የዋሉት።

ማታ ባሌ ከእርሻ ገብቶ እግሩን እየታጠበ ያጉረመርማል።

"የታችኛውን ባቄላ ውርጭ ላሰው። ያ ጉድጓድ መሬት መቼም አይለቀውም።"

"ላይኛውስ?"

"ላይኛው ደህና ነው። ውርጭ እንደ ውኃ ወደ ታች ነው የሚተኛው። ታች የበጎቹ ገንዳ ጠዋት በድንጋይ ነው የሚሰበረው።"

እጄ ላይ የያዝኩትን ፎጣ ጣልኩት። "በድንጋይ ነው ያልከኝ?"

"ምን ሆነሻል?"

ስንት ዘመን "ከውርጭ ሰውረን" እያልኩ ስጸልይ የኖርኩ ሴት፣ በማግስቱ አመሻሽ ላይ ስኒዎቼን ይዤ ውርጩን ፍለጋ ወረድኩ።

የመጀመሪያው ቀን አልሆነልኝም። ስኒው ላይ ስስ ቆዳ ብቻ ያዘ፣ ሥሩ ፈሳሽ ነው። ጥልቅ ዕቃ እንደማይሆን ገባኝና የሻይ ማስቀመጫ ዝርግ ሳህኖችን ወሰድኩ። እነሱንም ባዶ መሬት ላይ ሳስቀምጣቸው መሬቱ ከሥር ያሞቃቸዋል መሰለኝ ግማሽ ግማሹ ብቻ ረጋ። ከዚያ የገብስ ጭድ ከሥራቸው ወፈር አድርጌ አነጠፍኩ። ይሄኛው ሠራ። አንድ ማለዳ ደግሞ የሆነ ውሻ ቀድሞኝ ሁሉንም ልሶ፣ ሳህኖቼን አንጽቶ ጠበቀኝ፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለውሻው ጀላቲ መሥራቴ ቆጭቶኝ ሳይሆን መነሳት አቅቶኝ ነው። በኋላ ዙሪያውን እሾህ አጠርኩበት።

መያዣውን ከወይራ ሠራሁት፤ ቀጭን ለመፋቂያ የሚሆነውን ልጬ፣ ቀቅዬ፣ ሳህኑ ላይ ጋደም አደርገዋለሁ፣ ፓፓያው ዙሪያውን ይረጋበታል። ጠዋት የሳህኑን ጀርባ በትንፋሼ እፍ ስለው ቷ ብሎ ይለቃል። ክብ፣ ቢጫ፣ እጀታ ያለው። እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር።

ያንን የመጀመሪያውን ደህና የወጣውን ይዤ ስገባ ጎህ መቅደዱ ነው። ጣቶቼ የእኔ አይመስሉኝም፣ ደንዝዘዋል። አማቴ ነቅተው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። ጨርሰው እስኪያማትቡ ቆሜ ጠበቅኩ።

"ይኸው እማማ፣ ጀላቲ።"

አዩት። "መፋቂያ ላይ ምንድን ነው የለጠፍሽው?"

"ፓፓያ ነው። ሙዝም አለው። ወተት የለው፣ ቅቤ የለው፣ የጾም ነው።"

"ስንት ሰዓት ነው?"

"ፀሐይ ልትወጣ ነው።"

"ታዲያ ለማን አመጣሽው?"

የገና ጾም ገብቷል። አማቴ በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አፋቸው ላይ ምንም አያደርጉም፤ ይሄንን አገር ያውቃል። እኔ ግን ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ሕግ የለም ብዬ ልቤ አርፎ ነበር። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ጀላቲው እጄ ላይ እየተንጠባጠበ ክንዴን አልፎ ክርኔ ደረሰ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

የንስሐ አባታቸውን አስጠራሁ። ቄሱን እኔ የማውቃቸው ከዲቁናቸው ጀምሮ ነው፤ ልጅ ሳሉ አማቴ ቆሎ ሲቋጥሩላቸው አይቻለሁ። መስቀል አሳለሟቸውና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

"እማማ፣ በሽተኛ ጾም አይገደድም። ይኸው እኔ ፈትቼዎታለሁ። ማለዳ ይቅመሱ።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ። እርስዎ ፈቱኝ። እኔ ደግሞ ራሴን አሰርኩ።"

"በቃሌ ላይ?"

"በቃልዎ ላይ አይደለም።" ለመናገር ሲያማቸው ቆም ይላሉ፣ ደግሞ ይቀጥላሉ። "መድኃኒቱ ፀጉሬን ወሰደው። ጥርሴን አነቃነቀው። ቤተ ስኪያን የምሄድበትን ጉልበቴን ወሰደው። ይቺ አንዲት ነገር ቀርታኛለች፣ ከልጅነቴ የያዝኳት። እሷንም ልስጠው?"

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ተነሱ። ስሸኛቸው በር ላይ ቆም አሉ።

"ሰዓቱን ወደ እሳቸው ማምጣት አንችልም። በረዶውን እስከ ሰዓቱ አስቆዪው።"

"በምን አስቆየዋለሁ፣ አባ?"

"እኔ የተማርኩት ቅዳሴ ነው እንጂ በረዶ መች ተማርኩ!" ብለው ጥምጥማቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ቅዳሜና እሑድ ቀለለን፣ በእነዚያ ቀናት ማለዳ መቅመስ ስላለ። ሁለቱን ቀን አንድ አንድ ሙሉ መጠጡ፤ ዓይናቸው ትንሽ ብርሃን አገኘ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን ያው ነው። ጀላቲዎቹን እንስራ ውስጥ ከተትኳቸው፣ እኩለ ቀን ሳይደርስ ውኃ ሆኑ። ጓዳ ጨለማ ውስጥ አስቀመጥኳቸው፣ ውኃ ሆኑ። በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንኳቸው፣ ውኃ ሆኑ። ደጅ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ የደጋ ፀሐይ እኮ ነው። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምሰጣቸው ለብ ያለ የፓፓያ ውኃ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሳይደነዝዝ ስለሚወርድ ከሁለት ጉንጭ አያልፍም።

አንድ ቀን እንደ ልማዴ የቀለጠውን ይዤ በአልጋቸው አጠገብ ሳልፍ ጠሩኝ።

"ምን አድርገሽ ነው የምታስቀምጪው?"

ነገርኳቸው።

"በባና ጠቅልይው።"

ባና ማለት የእኛ አገር የበግ ሱፍ ብርድ ልብስ ነው። የለበሰው ሰው በቁር ሌሊት ያልበዋል። ልስቅ ጀምሬ አልጨረስኩትም፣ ደክሞኛል።

"እማማ፣ ባና ያሞቃል እኮ።"

"ባና እሳት አለው እንዴ? ባና ምንም አያሞቅ። ያገኘውን ነው የሚይዝ። አንቺን ቢያገኝ ሙቀትሽን ይይዛል፣ ያንን ቢያገኝ ብርዱን ይይዛል። ስንት ባና ፈትዬ እኔን ሊጠፋኝ!" ከዚያ የለበሱትን ገፈፍ አደረጉ። "የኔን ውሰጂ። ወፍራሙ እሱ ነው። እኔን ፀሐይ ላይ አውጥተሽ ታስቀምጭኛለሽ።"

እዚያ ላይ ነው የገባኝ። የመብላት ፈቃድ የሌለው ሰው እንዲህ ያለ ምክር አይመክርም። በሰዓቱ ይሁን ነው እንጂ ያሉት አልበላም አላሉም። ብርታት የሚባል ነገር ከየት እንደ መጣ አላውቅም፣ በዚያ ማታ ሳህኑን አበዛሁ፤ በትልቁ ትሪም ባዶ ውኃ አስቀመጥኩ። ጠዋት ጀላቲዎቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደራረብኳቸው፣ የተሰበረውን የውኃ በረዶ ዙሪያቸውን አለበስኳቸው፣ በንጹሕ ጨርቅ አሰርኳቸው፣ ባናውን ጠቀለልኩባቸውና ጓዳ ጭድ ውስጥ ቀበርኳቸው።

ባናውን ስጠቀልል ጎረቤቴ ገባች። አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ደህና የሆነች ሴት ናት።

"አንቺ! ለበረዶው ብርድ ልብስ? ብርድ እንዳይመታው ነው?"

"አዎ፣ ሲያስነጥሰው ሰምቼ።"

"ቀልጂ። በመንዝ ቁር እማማን በረዶ አብልታ ብርድ ልታስመታቸው ነው ይላል ሰው። እኔ አላልኩም፣ ሰው ነው ያለው።"

"ሰውየው አንቺን ይመስላል?"

ቂም ይዛ ቁጭ አለች። እኔም ተውኳት። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን እዚያው ዋለች፤ እንደማስበው አማቴ ሲሞቱ ለማየት ነው።

ሰዓቱ ደረሰ። ጓዳ ገብቼ ጭዱን ገለጥኩ። ባናው ከላይ ደረቅ ነው፣ ጨርቁ ረጥቧል። ስፈታው የውኃው በረዶ ከስቶ ጥቂት ቀርቷል፤ ጀላቲዎቹ ጠርዛቸው ተበልቶ፣ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው፣ ግን በረዶ ነበሩ። በረዶ! በቢላዋ አንዱን አላቅቄ፣ ከላዩ የቀረውን የሱፍ ጭራ ለቅሜ ሮጥኩ።

አማቴ አማተቡ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፣ ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። ምላሳቸው ላይ ሲያርፍ እኔ እጃቸውን ነው የማየው። የአልጋውን ጠርዝ አልጨበጡም። እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ተዘረጋ ቀረ። ዓይናቸውን ጨፍነው መጠጡት፣ ዋጡ። ደግሞ መጠጡት፣ ዋጡ።

"በግ በግ ይላል" አሉ በመጨረሻ።

"ይቅርብዎት?"

"ይቅርብኝ መች አልኩ!"

አፋቸው ደንዝዞ እያለ ቀጠን ያለ በሶ በማንኪያ አስከተልኩ። ወረደ። ለካ በረዶው መንገድ ጠራጊ ነው፣ እህሉ ከኋላው ነው የሚገባው። ስንት ማንኪያ እንደሆነ አልቆጠርኩም፣ ሳህኑ ግን ባዶ ሆነ። አማቴ ከንፈራቸውን ጠራርገው ወደ ጎረቤቴ ዞሩ።

"ለእሷም አምጪላት።"

"እኔማ ይቅርብኝ፣ እማማ፣ ጥርሴን ያመኛል።"

"አንዲት ብቻ! ሞቴን!" አሉ፤ ድምፃቸው የጠያቂዎቹን ሁሉ ድምፅ ሆነ። "በሽተኛ የሰጠሽን ልትመልሺ ነው?"

ምን ታድርግ፣ ነከሰችው። ጉንጯን ይዛ "ውይ ጥርሴ! ውይ አናቴ!" እያለች ስትዘል አማቴ ሳቁ። አፋቸው እያመማቸው፣ በነጠላቸው እየሸፈኑ ሳቁ። ሴትዮዋ ወጥታ ለመንደሩ ምን እንዳለች አላውቅም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ብርቱካኑ ቀረና በፓፓያ ተተካ።

እንዲህ ተነግሮ ሲያልቅ ቀላል ይመስላል። ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ ነው። ከሰዓት መደቆስና ማጥለል፣ ሲመሽ መደርደር፣ ማለዳ ከፀሐይ ቀድሞ መልቀም፣ መጠቅለል፣ ቀኑን ሙሉ ጠያቂ ማስተናገድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማብላት፣ ሳህኑን ማጠብ፣ እንደገና መደቆስ። ጣቶቼ ተሰነጣጠቁ። ጨው ስነካ እጮሃለሁ። ቆሜ ስፈትል ተኝቼ እንዝርቱ ከእጄ ወድቆ ነው የምነቃው። ባሌ ማታ ማታ ያየኝና "አንቺም ትወድቂያለሽ" ይለኛል፤ "ከወደቅሁ ታነሳኛለህ" እለዋለሁ፣ እሱም ከአውድማ የመጣ ነው፣ ሁለታችንም ሳንጨርሰው እንቅልፍ ይወስደናል። አንዳንድ ማለዳ፣ ልናገረው፣ ሜዳው ላይ ቆሜ ዛሬስ ባይረጋ ኖሮ ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ። ካልረጋ አልለቅምም፣ አልጠቀልልም፣ ተመልሼ እተኛለሁ።

ምኞት ይሰማል። ገና ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሰማዩ ደመነ። ደመና ባለበት ውርጭ የለም። ማለዳ ወርጄ ሳህኖቹን ሳይ ፓፓያው እንዳስቀመጥኩት ፈሳሽ ነው፣ ወፍ እንኳን አልጠጣውም። ሰብስቤ ገባሁ። የምጠቀልለው የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ፈሳሹን በኩባያ ይዤ አልጋቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ዛሬ የለም፣ እማማ። ሰማዩ ደመነ።"

ቁልቁል አዩኝ። ከስንት ጊዜ ወዲህ እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም።

"ደክሞሻል።"

"የለም፣ ደህና ነኝ።"

"ደክሞሻል አልኩ እንጂ መች ጠየቅኩሽ! ያንን ኩባያ ወዲህ በዪ።"

"ያምዎታል፣ አይደነዝዝም እኮ።"

"በዪ አልኩ።"

አማተቡና ጠጡ። የአልጋውን ጠርዝ ጨበጡ፤ ጅማታቸው ሲገታተር አየሁ። ዋጡ። ቆም አሉ፣ ተነፈሱ፣ ደግሞ ዋጡ። በሶውንም ራሳቸው ማንኪያውን ይዘው ጨመሩ። እኔ አሳጠርኩት እንጂ ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው፤ ኩባያው ግን አለቀ።

"ያማል?" አልኳቸው።

"ያማል። ግን ይወርዳል።" ኩባያውን መለሱልኝ። "ነገ ሜዳ አትውረጂ። ቢደምንም ባይደምንም።"

በነጋታው አልወረድኩም። ከዚያም ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የወረድኩት፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ እሳቸው ሳያውቁ። ሌላውን ቀን እያመማቸው ዋጡት። በገና ዕለት ጾም ሲፈታ ቀዝቃዛ እርጎ በማንኪያ ቀመሱ።

ቀጠሮው ሲደርስ "አልሄድም" ይላሉ ብዬ ስጨነቅ ቀድመውኝ ተነሱ። ሆስፒታል ያቺው ነርስ አፋቸውን በባትሪ አየች። ከዚያ ውኃ በብርጭቆ አምጥታ ሰጠቻቸው።

"እስቲ ይጠጡልኝ። ምግብስ በአፍዎ ነው የሚወስዱት?"

"ታዲያ በየት ልውሰድ?" አሉ አማቴ፣ ብርጭቆውን ባዶውን እየመለሱ።

ነርሷ ሳቀች፤ ቱቦው ይቅር ተባለ። በሩ ላይ ግን እንደ ቀድሞው ወደ ጎን ሳበችኝ። መድኃኒቱ አላለቀም፣ ገና አለ፤ ከሚቀጥለው በኋላ አፋቸው እንደገና ሊቆስል ይችላል አለችኝ። "ምን እንደምታደርጊ መቼም አሁን ታውቂዋለሽ" አለች፣ ልታበረታታኝ ነው። አዎ፣ አውቀዋለሁ አልኳት። ማወቅና መቻል ግን አንድ አይደሉም፣ ይሄንን አልነገርኳትም።

ስንመለስ መኪናው ሞልቷል፤ ተጠባብቀን ተቀመጥን። ከደብረ ብርሃን እንደ ወጣን ነው መሰለኝ ያሸለብኩት። ተኝቼ አልተኛሁም፣ ድምፅ ከሩቅ ይመጣብኛል። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ እኛ ጋ ደረሰ።

"እናት፣ ሴትዮዋን ይቀስቅሷት።"

"ምን ታድርግልህ? የሁለታችንንም ከእኔ ተቀበል።"

"በሽተኛዋ እርስዎ ኖት ወይስ እሷ? ሞታለች እኮ በእንቅልፍ።"

"ድምፅህን ቀንስ፣ አንተ። ሞላሌ ስንደርስ እኔ እቀሰቅሳታለሁ። ደግሞ ቀስ ብለህ ንዳ በለው ያንን ሹፌር፣ ያንገጫግጫታል።"

ረዳቱ እየሳቀ ወደ ፊት አለፈ። አማቴ የነጠላቸውን ጫፍ ስበው ፊቴ ላይ አደረጉልኝ፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ነበርና። ጭንቅላቴ ትከሻቸው ላይ ነው። ትከሻቸው አጥንት ብቻ ነው፣ ጉንጬን ይቆረቁረኛል፤ እሳቸውንም ከብጄባቸው እንደሆን እያሰብኩ ቀና ልበል አልኩ። አልቻልኩም። እሳቸውም ወደ እኔ ትንሽ ጠጋ አሉ።